በጳጉሜ የጠፉት ትዕዛዞች

ጳጉሜ 2 ቀን 2015፣ ሐሙስ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ቃሊቲ ካለው መጋዘናችን ነው። የደወሉት ስቶር ኪፐሩ ናቸው። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ልጄ፣ ዛሬም ትዕዛዝ የለም እንዴ?»

«እንዴት አይኖርም ጋሼ? የበዓል ሰሞን እኮ ነው።»

«እኔም እሱን ነው የምልህ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አንድም አልገባልኝም። መኪኖቹ ቆመዋል። ጫኞቹ ጥላ ይዘው ቁጭ ብለዋል።»

የምሠራው ዘይት፣ ፓስታ፣ ዱቄት፣ ሳሙናና የመሳሰለውን ለሱቆች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ለእኛ ከዓመቱ ሁሉ ከባዱ ሳምንት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ባለሱቅ በዚያ ሳምንት ዘይት አጣ ማለት ደንበኛውን ለጎረቤት ሱቅ አስረከበ ማለት ነው። ስለዚህ «ትዕዛዝ የለም» የሚለውን ስሰማ ሆዴ ባባ።

ወዲያው ከሽያጭ ሠራተኞቻችን፣ ከሴልሶቹ፣ ለአንዱ ደወልኩ። ሳሪስ አካባቢ ነበር። «እኔ ብቻ ከትናንት ጀምሮ ሃያ ምናምን ትዕዛዝ ልኬያለሁ። ሁሉም አረንጓዴ ምልክት አሳይቶኛል» አለኝ። አረንጓዴው «ደርሷል» ማለት ነው። ሌላውም ሴልስ እንደዚያው አለ። ሁሉም ልኳል፣ ለሁሉም ደርሷል ተብሏል፣ መጋዘን ግን ባዶ ነው።

ነገሩ እንዲገባ አሠራራችንን ልንገራችሁ። ሴልሶቹ በስልካቸው ትዕዛዝ የሚቀበሉበት መተግበሪያ በየወሩ የምንከፍልበት የክላውድ አገልግሎት ነው፤ ክላውድ ማለት በሌላ ድርጅት ኮምፒውተሮች ላይ ያለና በኢንተርኔት የምንከራየው ነው። የሒሳቡና የስቶክ ሶፍትዌሩ ደግሞ ዋናው ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ የተጫነ የቆየ ሲስተም ነው። እሱ የሚያውቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። በመካከላቸው ትዕዛዙን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው በሚገባው ቋንቋ የሚያስረክብ ትንሽ ፕሮግራም አለ። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከኅዳር 2015 ጀምሮ ከክላውድ በተከራየነው ማሽን ላይ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቷል።

ሥራ አስኪያጃችን ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት «ክላውድ ገዝተን የለም እንዴ? ይደወልላቸው!» ነበር። እኔም ጻፍኩላቸው። መልሱ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መጣ። አገልግሎታቸው ጤነኛ ነው። ትዕዛዞቹ በሙሉ እኛ በሰጠናቸው አድራሻ ተልከዋል። ከእኛም በኩል ለእያንዳንዳቸው «200» የሚል መልስ ተሰጥቷል። በድር ቋንቋ 200 ማለት «ደህና፣ ተቀብያለሁ» ነው። ዝርዝሩን ከነሰዓቱ አያይዘውልኛል።

የተቀበለው የእኔ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ሎጉን፣ ከፈትኩ። ከጳጉሜ 1 ጠዋት ጀምሮ አንድ ዓይነት መስመር ገጹን ሞልቶታል። ወር 13፣ ልክ ያልሆነ ቀን፣ ታልፏል። ወር 13፣ ልክ ያልሆነ ቀን፣ ታልፏል። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ፣ አያልቅም።

ወር ከ1 እስከ 12 ካልሆነ ትዕዛዙ ይለፍ የሚለውን መስመር የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ነበር። ስጽፈውም ስሞክረውም ጥቅምት ነበር። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር ላይ ተወልጄ አድጌ፣ ለኮምፒውተር ስጽፍ ግን እጄ በለመደው በአሥራ ሁለቱ ሄደ። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ትዕዛዙ ሲመጣለት መጀመሪያ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ሲበላሽ ለማንም አይናገርም። ሎግ ላይ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሎጉን ደግሞ ችግር ካልተሰማ በቀር የሚከፍተው የለም።

መኪና ይዤ ቃሊቲ ወረድኩ። ጋሼ በመጋዘኑ በር ላይ ባለችው ጠረጴዛቸው ተቀምጠዋል። «ክላውዱ ምን ሆነ?» አሉኝ። ክላውዱ ምንም እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። የማስረዳውም ዕድሜ ልካቸውን በመጋዘን ለኖሩ ሰው ነው። እንዲህ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ድርጅቱ መጋዘን ይፈልጋል እንበል። አንደኛው መንገድ ባዶ መጋዘን መከራየት ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መብራቱ የአከራዩ ነው። መደርደሪያውን የምንሠራው፣ ዘበኛ የምንቀጥረው፣ ዕቃውን የምንደረድረው እኛ ነን። በክላውድ ይሄ ኢንፍራስትራክቸር ነው የሚባለው። የእኔ ፕሮግራም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ መደርደሪያውም ዘበኛውም ጫኙም ያለበት መጋዘን ነው። እኛ ዕቃችንንና የአሠራር ደንባችንን ይዘን እንገባለን። እሱ ፕላትፎርም ይባላል። ሦስተኛው፣ መጋዘን የሚባል ነገር ጨርሶ አናይም። ‹ይሄን ያህል ካርቶን አድርሱልን› እንላለን፣ ይደርሳል። እሱ ሶፍትዌር ነው፤ የሴልሶቹ መተግበሪያ እንደዚያ ነው።»

ይህ አከፋፈል የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ክላውድን ሲተረጉም ያስቀመጣቸው እነዚህኑ ሦስት የአገልግሎት ዓይነቶች ነው። ሙያው ውስጥ ኢንፍራስትራክቸሩን አያስ፣ ፕላትፎርሙን ፓስ፣ ሶፍትዌሩን ሳስ እንላቸዋለን። ልዩነታቸው አከራዩ የት ድረስ ይሠራል፣ እኛ ከየት እንጀምራለን የሚለው ነው። ከአያስ ወደ ሳስ በሄድን ቁጥር የእኛ ድርሻ ይቀንሳል። ዜሮ ግን አይሆንም። ቁልፉን ለማን እንደሰጠን፣ የገባው መረጃ ትክክል መሆኑን፣ አንዱ አገልግሎት ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚጠየቀው ሁልጊዜ ተከራዩ ነው።

ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ደብተራቸውን ከፈቱ። ባለ ጠንካራ ሽፋን ትልቅ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በፕላስተር ተለብጧል። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመሩ ዓምዶች አሉት። ቀን፣ የሱቁ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት። ቀኝ ጫፉ ላይ ሁለት ጠባብ ዓምዶች፤ ሰጪ እና ተቀባይ። በየመስመሩ ሁለት ፊርማ አለ።

«ሹፌሩ የሚፈርመው መቼ ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ዕቃውን ሲቀበል።»

«አይደለም። ቆጥሮ ሲጨርስ ነው። ሳይቆጥር ልፈርም ካለኝ እስክሪብቶ አልሰጠውም። ያንተ ፕሮግራም ሳይቆጥር ነዋ የፈረመው።»

መልስ አልነበረኝም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ ለወራት ስለ ሰርቨርና ስለ ፍጥነት ሳስብ የከረምኩትን፣ እሳቸው ርክክብ ላይ አስቀመጡት።

የዚያን ቀን የሠራሁት ሌላ ስህተት ደግሞ ከችኮላ የመጣ ነው። ወር 13ን እንዲቀበል ፕሮግራሙን አስተካከልኩና የሁለቱን ቀን ትዕዛዝ በሙሉ ከመተግበሪያው አውጥቼ እንደገና ላክሁት። ከመቶ በላይ ነበር። ሁሉም ገባ። ተመስገን ብዬ ማታ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አንዲት የሳሪስ ባለሱቅ ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ የኔ ዘይት ሐሙስ ጠዋት ደርሶኛል እኮ። አሁን በር ላይ የቆመው የማን ነው?» ለካ ትዕዛዛቸው የዘገየባቸው ሱቆች ራሳቸው መጋዘን ደውለው ጋሼ በእጅ ማዘዣ ጽፈው ሰጥተዋቸዋል። እኔ ደግሜ ስልከው ሲስተሙ እንደ አዲስ ቆጠረው። ያቺ ሴት ሐቀኛ ባይሆኑ ኖሮ በዓሉ አልፎ ቆጠራ ላይ ነበር የምናውቀው። አመሰገንኳቸው። «ምን አደረግሁ ልጄ፣ የሰው ዕቃ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ያዝነው። የመጀመሪያው ቀኑ ነው። በሲስተሞች መካከል የሚሄድ ቀን በሙሉ በአንድ አጻጻፍ ይሁን አልን፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፤ 2023-09-06 ብሎ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚለወጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቢሮ ያለው ሲስተም በር ላይና ሰው የሚያነበው ስክሪን ላይ። መለወጡንም በራሴ ሰንጠረዥ ትቼ አይ ሲ ዩ በሚባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ አደረግሁት፤ የኛን ካላንደር ያውቃል።

እግረ መንገዴን ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነው። የእኔ አሮጌ ሰንጠረዥ ይህን አያውቅም። ወር 13ን ብቻ አስተካክዬ ብተወው ኖሮ እስከ የካቲት ድረስ እያንዳንዱን ትዕዛዝ በአንድ ቀን እያሳሳተ ይመዘግብ ነበር። በዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 የዋለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለሒሳብ ክፍል አንድ ቀን ቀላል አይደለም፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ያለ ሽያጭ ወደ ሌላ ወር ይሻገራል፣ የግብር ሪፖርቱም አብሮት ይዛባል።

ቀጥሎ ርክክቡ ነው። ፕሮግራሙ አሁን ትዕዛዙን ሲቀበል መጀመሪያ በማይጠፋ ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው «ተቀብያለሁ» የሚለው። ቢሮ መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቆረጥ ትዕዛዙ ወረፋው ላይ ይጠብቃል። ከወረፋው የሚወጣው የቢሮው ሲስተም መዝግቦ ቁጥር ሲመልስለት ብቻ ነው። አልቀበልም ካለ ደግሞ ለብቻው ወደተዘጋጀ ማቆያ ይሄዳል፣ ለእኔም ለጋሼም በስልክ መልእክት ይደርሰናል። የሴልሱም አረንጓዴ ምልክት የሚበራው ትዕዛዙ መጋዘን ሲገባ እንዲሆን አደረግን። እስከዚያ ቢጫ ነው።

ሦስተኛው ለድግምግሞሹ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከሴልሱ ስልክ ሲነሳ የራሱን ቁጥር ይዞ ይነሳል። ያ ቁጥር አንዴ ከተመዘገበ አሥር ጊዜ ቢላክም ሁለተኛ አይመዘገብም። በእጅ ማዘዣ ሲጻፍም ሴልሱ ያንኑ ቁጥር በስልክ ይነግራቸዋል፣ ጋሼም ማዘዣው ላይ ይጽፉታል። ኔትወርክ ባለበት ዓለም መልእክት መደገሙ አይቀርም፤ መልሱ ሲጠፋ ላኪው ደግሞ ይልካል። ድርጅቶች ሲስተሞቻቸውን የሚያገናኙት በፋይል ልውውጥም ይሁን በጋራ ዳታቤዝ፣ በቀጥታ ጥሪም ይሁን በመልእክት ወረፋ፣ «ይሄ ሁለቴ ቢመጣስ?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጡም።

አራተኛ፣ ፕሮግራሙን ከባዶው ማሽን ወደ ፕላትፎርም አዛወርነው። ማሽን ማደስና ሶፍትዌር መጫን የእኔ ሥራ መሆኑ ቀረ። ሒሳቡ በዶላር ስለሆነ ሥራ አስኪያጁን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ግን አንድ ሰው ብቻ ላለበት የአይቲ ክፍል ማሽን መጠበቅ ከባድ ነው። ያን ሰዓት አሁን ወረፋውንና ማቆያውን ለማየት አውለዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ አብልጬ የምወደው ጋሼ ያመጡትን ነው። «ማታ ማታ እንቆጣጠር» አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይደውላሉ። እሳቸው ከደብተራቸው፣ እኔ ከመተግበሪያው የቀኑን ትዕዛዝ ብዛት እንነጋገራለን። ይህን ፕሮግራም ሊሠራው ይችላል፤ ሠርቼዋለሁም። ስልኩን ግን አልተውነውም።

ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓርብ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተሩ አልተነሳሁም። በነሐሴ ሙከራ ሳደርግ ጳጉሜ 5ን፣ ጳጉሜ 6ን፣ መስከረም 1ን ሁሉ አስገብቼ አይቼ ነበር። ቢሆንም ልቤ አላረፈም። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ።

«እኔ ጋ ሰማንያ ስድስት ነው» አሉ ጋሼ።

«እኔ ጋ ሰማንያ ሰባት ነው።»

ዝም አሉ። የደብተሩ ቅጠል ሲገለጥ በስልኩ ይሰማኛል።

«አይድከሙ ጋሼ፣ አንዷ ማቆያ ላይ ናት። የአዳማ ሱቅ ነው፤ የግብር ከፋይ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል። ሴልሱ እየጠየቀልኝ ነው።»

«እንግዲያው በቀይ እጽፋታለሁ» አሉ። «ነገ ስትገባ ፊርማህን ይዘህ ና።»