16፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 25

ዛሬ ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል። ምክንያት የለውም፤ ቢፈለግለትም የሚገኝ አይመስለኝም። እንዲህ ሲያደርገኝ የፊልም ሂስ እንደማነብ ታውቃላችሁ። ፊልም ማየት ልብ ይፈልጋል፣ ሰው በፊልም ሲጨቃጨቅ ማየት ግን ተጋድሞም ይሆናል። የዛሬው ተረኛ «ትረስት» ነው፤ ዴቪድ ሽዊመር ያዘጋጀው፣ በሴፕቴምበር 2010 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ታይቶ በኤፕሪል 2011 አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው። ኢንተርኔት ላይ የተዋወቃት ጎልማሳ አጥምዶ ስለሚያጠቃት ልጅና ስለ ቤተሰቧ ነው። ኮከብ አሰጣጣቸው ላይ ትንሽ ስቄ ልተኛ ነበር ሐሳቤ።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ሊያና ሊበራቶ ናት። የ14 ዓመቷን አኒን ስትጫወት እሷም እዚያው ዕድሜ ላይ ነበረች፤ በቺካጎ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳበታለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ሮጀር ኢበርት አራት ኮከብ ሰጠ፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ከአራት በላይ የለም። የወደደው ፊልሙ ነገሩን ለማቅለል አለመሞከሩን ነው፤ ጥቃቱ የመከራው መጀመሪያ እንጂ ማብቂያ እንዳልሆነ ማሳየቱን። ሌሎቹ ግን ቅር ብሏቸዋል። የቴሌቪዥን ማስተማሪያ ይመስላል ያለ አለ። ሁለተኛው አጋማሽ ከልጅቷ እጅ ወጥቶ የአባትየው ሆነ ያለ አለ። አባትየው (ክላይቭ ኦወን ነው) ታዳጊዎችን ገላቸውን አጋልጦ ልብስ በሚያስተዋውቅ ድርጅት ውስጥ መሥራቱ ነገርን አኝኮ ማጉረስ ነው ያለም አለ፤ በዚህኛው ከነሱ ጋር ነኝ። ሽዊመርን «ፍሬንድስ» በተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ ከተጫወተው ሮስ ነጥሎ ማየት ያቃተውማ ስንቱ። ሰውየው ሳንታ ሞኒካ የሚገኝ የተደፈሩ ሰዎችን የሚረዳ ፋውንዴሽን ቦርድ ውስጥ ዓመታት ማሳለፉን ያስታወሰ ግን የፊልሙ ዝርዝር ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

እያነበብኩ አንዲት ቅሬታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሃያሲውም ተመልካቹም የሚያነሳት ናት። ልጅቷ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ሰውየውን በዓይኗ ካየችው በኋላ ለምን አልሮጠችም? 16 ነኝ ሲላት የከረመው ቻርሊ አርባ የሚጠጋ ጎልማሳ ሆኖ ፊቷ ቆሟል። የትኛዋ ልጅ አብራው ትሄዳለች? አይታመንም ይላሉ።

እኔ ደግሞ ከፊልሙ ሁሉ በጣም የሚታመነው ይኸው ቦታ ነው ባይ ነኝ።

ዕድሜውን ብቻ ተከተሉት። ቻርሊ መጀመሪያ 16 ነው፣ ካሊፎርኒያ ነው ያለው፣ እንደ እሷ ቮሊቦል ይጫወታል። ምክር ይሰጣታል፤ ምክሩም የእውነት ይሠራል። ይህን ሰው ንቆት ያልፋል። አጥማጁ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ልጅቷ ያን ሰሞን የሚያስጨንቃት ነገር ላይ በትክክል ያግዛታል። ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድሟን ዩኒቨርሲቲ የማስገባት ሽር ጉድ አለ፣ እሱ ጋ ግን ሁልጊዜ ጊዜ አለ። ቀጥሎ አንድ ቀን እውነቱን ልንገርሽ ብሎ 20 ይሆናል። ትቆጣለች፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቅር ትለዋለች። ከዚያ 25። አሁንም ትቆጣለች፣ ይለምናል፣ ይቅር ትለዋለች። ብዙ ሰው ዓይኑን ውሸቱ ላይ ይተክላል። ሥራውን የሚሠራው ግን ኑዛዜው ነው።

አራት ዓመት ተጨመረ፣ ከዚያ አምስት። ለየብቻ ሲታዩ ወዳጅነት የሚያፈርሱ አይደሉም። እያንዳንዱ ኑዛዜ ሲያልቅ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆና የምትገኘው እሷ ናት፤ የተበደለችው እሷ፣ የማረችው እሷ፣ ነገሩ እንዲቀጥል የወሰነችው እሷ። ከኔ ጋር ሐቀኛ ነው የሚለው እምነቷ የሚጠነክረው በዋሸ ቁጥር ነው፣ ምክንያቱም ውሸቱን የሚነግራት ራሱ ነዋ። የገበያ ማዕከሉ ውስጥ የሚጠብቃት ጭማሪ ከሁሉም ትልቁ ቢሆንም እግሯ ደረጃውን መውጣት ለምዷል።

ከዚህ ጋር ምስጢሩ አለ። የመጀመሪያውን ኑዛዜ ለወላጆቿ ካልነገረች ከዚያ ወዲያ የደበቀችው እሷም ናት። ሁለተኛው ሲመጣ ልንገር ብትል የምታጋልጠው እሱን ብቻ አይሆንም፤ ያኔስ ለምን አልነገርሽንም የሚለው ጥያቄ ይጠብቃታል። ላፕቶፑን የሚነጥቅ፣ ስልኩን የሚከለክል ወላጅ ካለ ደግሞ ዝም ማለት ይበልጥ ያዋጣል። ቅጣት የሚፈራ ልጅ ለአጥማጁ ነፃ ዘበኛ ነው። ጨከንኩ መሰለኝ፤ ግን እንዲህ ነው።

ትዕይንቱን ቀስ ብላችሁ እዩት። ልጅቷ እንባዋን መቆጣጠር አቅቷታል። እሱ አይጎትታትም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቸኩልም። ቅር የተሰኘ ሰው ፊት ያመጣል። ከዕድሜዋ በላይ የበሰለች መስላው እንደነበረ ያስታውሳታል፤ እና አሁን ጥፋቱ ተገለበጠ፣ የዋሸው ሰው የተጎዳ ሆኖ ቁጭ አለ፣ የተዋሸችው ልጅ አጽናኝ ሆነች። ሰው የሞላበት ቦታ ነው። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያያቸዋል። የሚያየው ግን አባትና ልጅ ነው። ልጆችን ሰው ወዳለበት ቦታ ሄዳችሁ ተገናኙ ብሎ መምከር ለምን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላውቅም።

በአኒ ሐሳብ ግን የተፈጠረው ፍቅር ነው። ታሪኩ የሚካሄድበት ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ 17 ዓመት ስላልሞላት እሺታዋ በሕግ ዋጋ የለውም፤ ልጅን በኢንተርኔት አባብሎ ለወሲብ ማግባባት በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 10 ዓመት ያስቀጣል። ይህን ሁሉ ለእሷ ማስረዳት ምንም አልፈየደም። ጓደኛዋ ለትምህርት ቤቱ ስትናገርም ከዳችኝ ነው ያለችው። ኤፍቢአይ እያዳመጠ ስትደውልለት እንኳ ልቧ ከሱ ጋር ነው። ያነቃት ክርክር አልነበረም። የሌሎች ልጆች ፎቶግራፍ ነው፤ ያው ሰው ከሷ በፊት ያጠቃቸው። አንተ ብቻ፣ አንቺ ብቻ የሚለው ነገር ያኔ ፈረሰ፤ እሷም ቀጥ ብላ ቪዮላ ዴቪስ የምትጫወታት አማካሪ ዘንድ ሮጠች። ዴቪስ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ከመስማት በቀር የምታደርገው ብዙ ነገር የለም፣ ለኔ ግን የፊልሙ ግማሽ እሷ ናት።

የአባትየው ነገር ላይ ከተቺዎቹ ጋር አልስማማም። ፊልሙን ነጠቀው ይላሉ። መንጠቁን ነው እኮ ፊልሙ የሚያሳየው። የልጁን የቻት ጽሑፍ ቃል በቃል ያነባል፣ ኢንተርኔት ላይ ራሱን ሌላ ሰው አስመስሎ ያድናል፣ ጨዋታዋ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ላይ በመላ ወላጅ ፊት ዘሎ ይሰፍራል፤ የተመታውም ሰው ቻርሊ አይደለም። አኒ አሁን ሁለት የተጠመዱ ወንዶች አሉባት፤ አንዱ ያጠመዳት፣ አንዱ በበቀል የተጠመደ። ሁለቱም አላዳመጧትም።

ደግሞም እንደ ሥራ ሲታይ ያደረገው ሁሉ ማስረጃ የሚያበላሽ ነው። አንድ ወላጅ ልጁ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ እጁ የሚሮጠው ወደ ማጥፋት ነው፣ ካልሆነም ወደ ስድብ። ሲሰደብ ሰውየው ይነቃል፣ አካውንቱን ይዘጋል፣ ከሱ በኩል ያለውም ይጠፋል። በልጅ ስም መልስ መጻፍ የባሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛውን መልእክት ልጁ፣ የትኛውን ወላጁ እንደጻፈ መለየት መርማሪውን ሌላ ሥራ ያስገባዋል። መጀመሪያ የሚያዘው የሰውየው የተጠቃሚ ስም፣ የገጹ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓቱ የሚታይበት የስክሪን ፎቶ ነው፤ ብሎክ ማድረግ ከዚያ በኋላ ነው፣ አንዳንዱ መተግበሪያ ላይ ብሎክ ሲደረግ ንግግሩም አብሮ ይሄዳልና። የልጁ ገላ የሚታይበት ምስል ካለ ግን ፎቶ አይነሳም፣ ለአጎት አይላክም፣ ለፖሊስም በመልእክት አይላክም። አሜሪካ ውስጥ ምስሉን ማሰራጨት ራሱ ወንጀል ነው፣ ላኪው አዛኝ ወላጅም ቢሆን። መሣሪያው እንዳለ ይሰጣል። በልጆች ላይ የሚደርስ የወሲብ ጥቃት ጥቆማ የሚቀበለው የአሜሪካው ሳይበርቲፕላይን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ።

ልጁ ተደፍሮ ከሆነ ደግሞ ሆስፒታሉም የራሱ ሰዓት አለው። የሰውነት ማስረጃ ድሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ነበር የሚሰበሰበው፤ አሁን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እስከ 120 ሰዓት ይወሰዳል። ይህን የሰማ ሰው ጊዜ አለ ብሎ ይዘናጋል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ግን ከ72 ሰዓት አያልፍም፣ ቶሎ በተጀመረ መጠን ደግሞ ይሻላል። ሰውነት አለመታጠብ፣ የተለበሰውን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ከረጢት መያዝ። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል፣ እርጥበት ያሻግታል፣ ሻጋታ ዲኤንኤውን ይበላል። ልጁ ታጥቦ ከሆነም ግን መሄድ አይቀርም፤ ታጠብክ ተብሎ መቆጣትማ በፍጹም።

ስለ ደረጃ አሰጣጡም አንድ ነገር ልበል፣ ካነሳሁት አይቀር። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው አር ነው። ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ አይገባም። ስለ አኒ የተሠራውን ፊልም አኒ ማየት የምትችለው አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው ማለት ነው። እስቲ ያንን ሁለት ሰዓት አስቡት፤ ቻርሊ አኒን የሚያጠቃበት የሞቴሉ ትዕይንት ሲመጣ ሁለቱም ፊታቸውን ወዴት ያዞራሉ? ሃያሲው ግን ፊልሙን ብቻውን ያያል፣ ከዚያ ማስተማሪያ ይመስላል ብሎ ይጽፋል። ማን ይማርበት ብሎ?

ተመልካቹ የለመደውም ሌላ ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ያሳየው፣ ልጅ መስሎ አጥማጆችን የሚያጠምደው «ቱ ካች ኤ ፕሬዳተር» ሰውን አስለምዶታል፤ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው ይገባል፣ ካሜራው ይወጣል፣ ፖሊስ ይረባረባል፣ አንጀታችን ይርሳል። «ትረስት» ያን በር አይከፍትም። ቻርሊ አይያዝም። አባትና ልጅ በመዋኛ ገንዳው ዳር ይታረቃሉ፣ አባትየው ያለቅሳል፣ እዚያ ላይ የባለሙያዎቹ ስም መውረድ ይጀምራል።

ከስሞቹ ጋር ደግሞ የቤት ቪዲዮ ይመጣል። ቻርሊ ነው። አስተማሪ ነው፣ ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው፣ ካሜራው ፊት ይስቃል። ይህን አኒ አታውቅም። አባቷ አያውቅም። ያን ሁሉ መዝገብ ያገላበጠው ኤፍቢአይ አያውቅም። የተነገረን ለእኛ ለተመልካቾቹ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ ማንንም ልናስር አንችልም።

በዚህች ቪዲዮ ጉዳይ ማንም አያምነኝም፤ ልክም ናቸው። አንድ ሰሞን ፊልሙ ማለት እሷ ናት እላለሁ፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ ማስፈራሪያ ናት፣ ትቆረጥ እላለሁ፤ በሁለቱም ጊዜ እኩል ድምፄን ከፍ አድርጌ። አሁን በሌሊት የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ስሞቹ ሲመጡ ካፖርቱን አንስቶ የወጣ ተመልካች መቼም ይኖራል። እሱ ያየው ፊልም በእርቅ ያለቀ ነው። እስከመጨረሻው የተቀመጠው ግን ቤቱ የገባው ያን የሚስቅ አስተማሪ ይዞ፣ የሁሉንም ሰው ፊት እየጠረጠረ ነው። ከሁለቱ በዚያች ማታ የልጁን ክፍል በር አንኳኩቶ ልጁ ደፍሮ የሚያወራለት የትኛው ነው?