ሁለቱ ቡታኖሎች

ቡታኖል የአልኮል ዓይነት ነው። ሁለቱ ቡታኖሎች እኩል 4 ካርበን፣ 10 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን አላቸው። የመጀመሪያው ካርበኖቹን እንደ ዶቃ በአንድ መስመር ሰድሯል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከዚህኛው የሚያሟሟው 7 ወይም 8 ግራም ቢሆን ነው፤ ትርፉ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ተርት ቡታኖል ነው፤ ኳስ ይመስላል። የፈለጋችሁትን ያህል ጨምሩ፣ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል።

የመመረቂያ ሥራዬ ይሄንን ልዩነት በኮምፒውተር ማሳየት ነው።

ተርት ቡታኖል የሚቀልጠው 25 ዲግሪ አልፎ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ይጠብቀኛል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይቀልጣል፣ መሃሉ ላይ ነጭ ጉብታ ይቀራል። ሽታው ካምፎር ካምፎር ይላል።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ 3000 የውሃና 400 የተርት ቡታኖል ሞለኪውሎች አንድ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። የሳጥኑ ጎን 5 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ቢያልፍ ነው። ግሮማክስ የሚባለው የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም የእያንዳንዱን አቶም ቦታ በየ2 ፌምቶሰከንዱ ያሰላል። ፌምቶሰከንድ የናኖሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው፣ ናኖሰከንድ ደግሞ የሰከንድ ቢሊዮንኛ። 50 ናኖሰከንድ ለማየት 25 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፑም ባትሪ አለቀ። ደግነቱ ፕሮግራሙ በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ያስቀምጣል፤ ካቆመበት ቀጠልኩ።

ውጤቱን ስከፍት ግን ደነገጥኩ። ተርት ቡታኖሎቹ አንድ ጥግ ተሰብስበዋል! እውነተኛው የውሃና የተርት ቡታኖል ድብልቅ ግን በቴስት ቲዩብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ጥርት ያለ፣ አንድም መስመር የሌለው። ስህተቱ የኔው ሞዴል ውስጥ ነበር። ለአልኮሉ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የሰጠሁት የኤሌክትሪክ ቻርጅ አንሶ፣ ከውሃው ጋር በደንብ አልተያያዙም።

«ዘይትና ውሃ ሆኑ» ስንል የተጣሉ ሰዎች ማለታችን ነው። ሞለኪውሎቹ ግን አልተጣሉም። ዘይት ራሱ ውሃን በመጠኑ ይስባል። ነገሩ ያለው ውሃው ጋ ነው። ውሃ እርስ በርሱ በሃይድሮጅን ቦንድ (የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ሲስብ) ተያይዟል፤ ቅባታማ ነገር መሃሉ ሲገባ መያያዙን ላለመልቀቅ ዙሪያውን ይሰለፋል፣ እንደ ልቡ መገለባበጥ ያቅተዋል። ቅባቶቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ያ ሁሉ ውሃ ነፃ ይወጣል። ተርት ቡታኖል ክብ ስለሆነ ለውሃው የሚያጋልጠው የቅባት ገጽ ያንሳል። ይሄ ሲገባኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቻርጁን አስተካክዬ እንደገና አስጀምሬዋለሁ። አሁን 31 ናኖሰከንድ ላይ ነው። እስካሁን አልተሰበሰቡም።