ያልፈሰሰው ነዳጅና የቀይ ባሕር ሕግ

ከየመን ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከራስ ኢሳ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ ሳፈር የምትባል ግዙፍ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ለአሥርት ዓመታት መልሕቋን ጥላ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ በታንከርነት ተሠርታ፣ በ1980ዎቹ መገባደጃ ላይ ግን በየመን መሃል አገር ካለችው ማሪብ በቧንቧ የሚመጣውን ድፍድፍ ነዳጅ ተቀብላ ለገዥ መርከቦች የምታስረክብ ተንሳፋፊ ዴፖ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2015 የየመን ጦርነት ሲፋፋም 1.1 ሚሊዮን በርሜል የሚያህል ድፍድፍ እንደያዘች ቀረች፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1989 ከኤክሰን ቫልዴዝ መርከብ አላስካ ላይ ከፈሰሰው አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ጥገናው ተቋረጠ። በታንኮቹ ውስጥ የሚጠራቀመው ትነት እንዳይቀጣጠል የሚከላከለው የጋዝ ሥርዓት ሥራ አቆመ፣ አካሏም እንደ ዘመኑ ታንከሮች ድርብ ግድግዳ ስላልነበረው ድፍድፉን ከባሕሩ የሚለየው እየዛገ ያለ አንድ ብረት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 የባሕር ውኃ ወደ ሞተር ክፍሏ ገባ፤ በሁለት ወሩም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ስለዚህች አንዲት መርከብ ብቻ ስብሰባ ተቀመጠ።

ጉዳዩን ከሕግ አንጻር ስመለከተው አደጋውን የሚከለክል አንቀጽ አልጠፋም። የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 192 መንግሥታት የባሕርን አካባቢ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው በአጭሩ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 198 የቀረበ አደጋ መኖሩን ያወቀ መንግሥት ሊጎዱ ለሚችሉት ሁሉ ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ፣ አንቀጽ 199 ደግሞ የአካባቢው መንግሥታት ለዚህ የሚሆን ዕቅድ በጋራ እንዲያዘጋጁ ያዝዛል። ማሳወቁ ተርፎ ነበር፤ ዓለም በሙሉ አውቋል። ችግሩ መርከቧ ከጠረፉ 12 የባሕር ማይል በማይሞላ ርቀት፣ ማለትም በየመን የግዛት ባሕር ውስጥ፣ መቆሟ ነው፤ በዚያ ክልል ያለ ባለ አገሩ ፈቃድ ማንም ገብቶ ቧንቧ ሊቀጥል አይችልም። ግዴታውን የተሸከመው ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው መንግሥት ሆኖ ሳለ ጠረፉን የያዙት ከእርሱ ጋር የሚዋጉት የሁቲ ታጣቂዎች ነበሩ፤ ሕጉ የሚያዝዘው አንዱን፣ ቁልፉ ያለው ሌላው ዘንድ።

የገንዘቡ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ከታንከሮች በሚፈስ የነዳጅ ዘይት ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚከፍሉት የ1992ቱ ስምምነቶች ጉዳትን አስቀድሞ ለመከላከል የሚወጣን ወጪ ጭምር የሚሸፍኑበት ድንጋጌ አላቸው፤ ነገር ግን የተጻፉት ዘይት ጭነው ከወደብ ወደብ የሚጓዙ መርከቦችን በማሰብ ስለሆነ፣ ሞተሯ ሞቶ ለዓመታት በአንድ ቦታ የታሰረች ማከማቻ በትርጓሜያቸው ውስጥ በቀላሉ አትገባም። ስለዚህ ለማዳን ሥራው ገንዘብ እንዲያዋጣ በሕግ የሚገደድ አልተገኘም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ዘ ሄግ ላይ የለጋሾች ጉባኤ ጠራ፤ ያ አልበቃ ሲል በኢንተርኔት ከግለሰቦች መዋጮ ለመነ። ዘይት ፈስሶ ቢሆን ለማጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተገምቶ ሳለ፣ 140 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሚፈጀው መከላከያ ይህን ያህል ደጅ መጥናት ነበረበት። በመጨረሻም ድርጅቱ በልማት ፕሮግራሙ በኩል ኖቲካ የተባለች ሌላ ታንከር በ55 ሚሊዮን ዶላር ገዛና ድፍድፉ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 11 ቀን 2023 ድረስ ወደ እርሷ ተገለበጠ። ሥራው እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ለእኔ ግን የሕጉ ድል ሳይሆን የዲፕሎማቶችና የመርከብ መሐንዲሶች ድል ነው።

የአካባቢው የራሱ ስምምነትም ብዙ አላገዘም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የጅዳ ኮንቬንሽን ቀይ ባሕርንና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ከብክለት ለመጠበቅ ጥሩ ማዕቀፍ አበጅቷል። ሆኖም ያኔ ከራስ ካሳር እስከ ራስ ዱሜራ ያለውን ጠረፍ ከዳህላክ ደሴቶች ጋር ትይዝ የነበረችው ኢትዮጵያ አባል አልነበረችም፤ ኋላም ኤርትራ አልገባችም። በሱዳንና በጅቡቲ መካከል ያለው ሰፊ ዳርቻ በዚህ ስምምነት ካርታ ላይ ባዶ ነው ማለት ነው። ቀይ ባሕር እ.ኤ.አ. በ1973 በመርከቦች ብክለት ስምምነት ልዩ ጥበቃ ይገባዋል ተብሎ ተሰይሞ፣ ወደቦች የመርከብ ዝቃጭ መቀበያ ባለማሟላታቸው ጥበቃው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መሆኑ ደግሞ ብዙ ይናገራል፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘገየ ጥበቃ።

በአገራችን ስለ ባሕር በር ብዙ ይባላል፤ ውይይቱ ግን ከበሩ አልፎ ወደ ውኃው እምብዛም አይደርስም። አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃችን በጅቡቲ ስለሚያልፍ ከየመኗ የወደብ ከተማ ሆዴይዳ ፊት ለፊት የሚፈስ ዘይት የመርከብ መስመሩን ቢያውክ ዋጋው አዲስ አበባ ገበያ ላይ መታየቱ አይቀርም። ጠረፍ የሌለው አገር ስለ ባሕር ብክለት ለመደራደር መብት የለውም የሚል ደንብ አላውቅም፤ ስለ ወደብ አጠቃቀም በሚደረግ ድርድር ላይ የብክለት መከላከያ መዋጮ አንድ አጀንዳ ቢሆን ተቀባይነታችንን ያጠነክረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሳፈር ጉዳይ በዚያ አልተቋጨም። «የመን» ተብላ የተሰየመችው ኖቲካ ለየመን የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ተላልፋለች፤ ድፍድፉ የማን እንደሆነና ተሽጦ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ ግን ሁለቱ ወገኖች አልተስማሙም። አሮጌዋን ባዶ መርከብ አጽድቶ ለመቆራረጥ የመውሰዱ ሥራም በቀይ ባሕር ላይ በተጀመረው የመርከቦች ጥቃት ምክንያት ቆመ። ድርብ ግድግዳ ያላት መርከብ ለጊዜው ታስተማምናለች፤ እርሷም ግን ሠራተኛ፣ ነዳጅና ጥገና ትፈልጋለች፣ ይህን ወጪ በቋሚነት እንዲሸፍን የሚገደድ ወገን ደግሞ እስካሁን በየትኛውም ስምምነት አልተጻፈም።