የድሮ ታክሲዬ እግር፣ የ1965 ፎርድ ገላ

ባለፈው ቅዳሜ ፒክአፑ በራሱ አራት ጎማ ቆመ። አሥራ አራት ወር በመደገፊያ ላይ ነው የከረመው። ክሪኩን ቀስ እያልኩ ለቀቅኩት። ጎማዎቹ ሲሚንቶውን ነኩ። ሞላዎቹ ክብደቱን ተቀብለው ዝቅ አሉና ረጉ። ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩም መሪውም ገና አልተገጠመም፤ የተቀመጥኩት በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከዚያ አልተነሳሁም።

ከዚህ በፊት ላልሰማችሁ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። የድሮ ታክሲዬን እግርና ሞተር አሮጌ ፒክአፕ ላይ ገጥሜ ሆት ሮድ፣ ማለትም በቤት ተቀይሮ የተሻሻለ አሮጌ መኪና፣ እየሠራሁ ነው። ፒክአፑ የ1965 ፎርድ ኤፍ-100 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። የጭነት ሳጥኑ አጭር የሆነው ዓይነት ነው። ቨርጂኒያ ገጠር፣ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ጀርባ፣ ሞተሩ ወጥቶ ሣር በቅሎበት አገኘሁት። 2,800 ዶላር ከፈልኩ። አካሉን የሰጠው መኪና፣ እኛ ዶነር የምንለው፣ የ2008 ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነው፤ ባጭሩ ክራውን ቪክ እንለዋለን። ያውም የፖሊሱ። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የነዳ ሀበሻ ይህን መኪና በጭለማም ይለየዋል። ፖሊስ ሲጨርስበት ከጨረታ እንገዛውና ቀለም ቀብተን ሥራ እናስገባው ነበር። የኔም እንደዚያው ነው የመጣው። ሰባት ዓመት አብረን ዞረናል። የቤት ኪራዬን የከፈለው፣ እናቴን አዲስ አበባ ያሳከመው እሱ ነው። 312,000 ማይል ላይ ሲደርስ ወለሉን ዝገት በላው። ለቁራጭ ብረት ዋጋ ጠየቅኩ፤ ጥቂት መቶ ዶላር አሉኝ። አላስቻለኝም፣ መልሼ ወደ ቤት ነዳሁት።

ሁለቱ እንዴት ይጋባሉ? ፎርድ በ2003 የክራውን ቪክን የፊት እግር እንደ አዲስ ነው የሠራው። ክንዶቹ፣ ሞላዎቹ፣ መሪው፣ የሞተሩ መቀመጫ ሳይቀር በአንድ የአሉሚኒየም ድልድይ ላይ ተሰብስበዋል። ቡሎኖቹ ሲፈቱ ድልድዩ ሞተሩን ተሸክሞ ወደ ታች ይወርዳል። የሚታሰርበት ስፋት ደግሞ ከኤፍ-100 ሻንሲ ስፋት ጋር በጣም ይቀራረባል። አሜሪካኖቹ ይህን ካወቁ ቆይተዋል። ብዙ የስልሳዎቹና የሰባዎቹ ፎርድ ፒክአፕ ዛሬ በፖሊስ መኪና እግር ነው የሚሄደው።

ከፒክአፑ ሥር ያወጣሁት የድሮ የፊት እግር ትዊን አይ-ቢም ይባላል፤ ጎማዎቹን የሚይዙት ሁለት ወፍራም የብረት ክንዶች ናቸው። በዚያው በ1965 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ኤፍ-100 ላይ የተገጠመው። ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ግን የመኪናው ከፍታ ሲቀየር የጎማው አቋቋምም አብሮ ይዘምማል። ዝቅ ላድርገው ካልክ ያታግልሃል። ሆት ሮድ ደግሞ ዝቅ ሲል ነው የሚያምረው።

«የታክሲውን ሙሉ ሻንሲ ለፒክአፑ ለምን አላወረስከውም?» ያላችሁኝ ነበራችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያጓጓል። የፒክአፑ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 115 ኢንች ነው፤ የክራውን ቪኩ 114.7። ግን የታክሲዬ ሻንሲ ከኋላ በኩል ዝገቱ ጠልቆት ነበር። ሌላው ምክንያት የሻንሲ ቁጥሩ ነው። የፒክአፑ ቁጥር የተመታው ሻንሲው ላይ ነው፤ እሱን ጥዬ የባለቤትነት ወረቀት ስከራከር መኖር አልፈለግኩም።

ሆት ሮድ ከመነሻውም በወዳደቀ ብረት የተጀመረ ጥበብ ነው። በ1930ዎቹ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ርካሽ አሮጌ ፎርድ ይገዙና፣ ፓራፋንጎውን ነቅለው ጥለው፣ ሞተሩን ነካክተው በደረቁ ሐይቆች ወለል ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1937 ክለቦቻቸው ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ምናለሽ ተራን እያየ ላደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። በርሜሉ የከሰል ማንደጃ፣ ጎማው በረባሶ ሲሆን አይተናል። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ልኬቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስሕተቴ ለእናንተም ይጠቅማል።

የድሮውን እግር ስነቅል የጎማውን መሐል የት እንደነበር ሻንሲው ላይ ምልክት አላደረግኩም። ፓራፋንጎው አለ፣ በጎማው ክፍት መሐል እለካለሁ ብዬ ነው። ለካሁ፣ በሁለቱም ጎን መሐል ላይ ዋለ። ድልድዩን በመጨበጫ አሰርኩት። ሻንሲውን ልበሳ ብዬ መሰርሰሪያዬን ሳነሳ ጋሼ መጡ። ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው፤ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ሲጠግኑ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞር ዞር አሉና፣ «ሰያፉን ለክተኸዋል?» አሉኝ። አልለካሁም። ከድልድዩ የቀኝ ቡሎን እስከ ኋላ ግራ የባሌስትራ ማሰሪያ፣ ከዚያ ከግራው እስከ ቀኝ ሜትር ዘረጋን። እኩል መሆን ሲገባቸው 11 ሚሊ ሜትር ተለያዩ።

ጋሼ ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው ግራ ፓራፋንጎ ላይ አስጠጉ። ከላይ ያዘ። ወደ ጎማው ክፍት ሲቃረብ ወደቀ። እንደገና አስጠጉ፣ እንደገና ወደቀ። በብረት ፍቄ ሳየው ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስቱኮ አለ። ከስንት ዘመን በፊት ተጋጭቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ በስቱኮ ተሞልቶ ነበር። እኔ ደግሞ ሙሉ መኪናውን በዚያ በታመመ ፓራፋንጎ ልለካ ነበር።

ሁለቱንም ፓራፋንጎ አወለቅን። ቱምቢ አንጠልጥለን የሻንሲውን ኦሪጅናል ቀዳዳዎች ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ አወረድን። የሻንሲውን መሐል መስመር ወለሉ ላይ ሳብን። ድልድዩን ከዚያ መስመር ለክተን አስቀመጥነው። የሰያፉ ልዩነት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወረደ። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን። መሰርሰሪያው የተነሳው በማግስቱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የኤፍ-100 ሻንሲ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። ቡሎኑን ዝም ብላችሁ ብታጠብቁት ብረቱ ይጨፈለቃል። እኔ ክፍቱን ጎን በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ዘግቼ በየድኩት። በየቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ወፍራም ቱቦ ከላይ እስከ ታች አሳልፌ ዙሪያውን በየድኩ። አሁን ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚጨብጠው ቱቦውን ነው።

የኋላውም ከታክሲው መጣ። የግድ ነበር። የክራውን ቪክ ቸርኬ አምስት ቡሎኖች በ4.5 ኢንች ክብ ላይ ናቸው፤ የኤፍ-100 በ5.5። የፊቱን ብቻ ብቀይር ሁለት ዓይነት መጠባበቂያ ጎማ ይዤ ልዞር ነው። ስለዚህ የታክሲውን ዲፈረንሻል አውርጄ፣ የድሮ ማሰሪያዎቹን በግራይንደር ቆርጬ፣ የባሌስትራ መቀመጫ በየድኩለት። ብየዳው ላይ አትቸኩሉ። ረጅም መስመር ከሄዳችሁ የአክስሉ ቱቦ በሙቀት ይጣመማል። እኔ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር እየበየድኩ፣ ጎን እየቀያየርኩ፣ በእጅ እስኪዳሰስ እየጠበቅኩ ነው የሠራሁት።

መቀመጫዎቹን መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ነበር የያዝኳቸው። ይህ አዳነኝ። ካምቢዮው ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ በተቃራኒው 3 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። ባዶ ሻንሲ ላይ ልክ አድርጌው ነበር። ሞተሩና ጋቢናው ሲጫን ባሌስትራው ተጫነና 5.5 ዲግሪ ሆነ። እንደዚያው ብነዳው ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኘው ዘንግ እየተንቀጠቀጠ ጫፉ ላይ ያለውን መስቀለኛ መገጣጠሚያ ይበላው ነበር። ነጥቦቹን ቆርጬ፣ ሙሉ ክብደቱን እንደተሸከመ አስተካክዬ፣ ከዚያ ጨርሼ በየድኩ።

ፍሬኑን ሳስብ ግን አሁንም ሆዴ ይረበሻል። በ1965 ይህ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነበር። አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። አሁን አራቱም ዲስክ ነው፤ ማስተር ሲሊንደሩም ፊትና ኋላን ለየብቻ የሚገፋ ባለሁለት ክፍል። ቤንዚን ማጠራቀሚያውም ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነበር። ልጆቼን የማስቀምጥበት ቦታ ነው፤ አወጣሁት። አዲሱ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ይታሰራል፣ ፓምፑም እዚያው ውስጡ ይገባል።

ሞተሩ የታክሲው ነው። 4.6 ሊትር ቪ8፣ 250 የፈረስ ጉልበት። በዚያ ማይል ላይ እምነት አልነበረኝምና ሳላወርደው ኮምፕሬሽኑን፣ ሲሊንደሮቹ የሚፈጥሩትን ግፊት፣ ለካሁ። ደካማው ሲሊንደር 158 ፒኤስአይ፣ ጠንካራው 170። ይበቃል። ጋስኬቶቹን ቀይሬ አስገባሁት።

የቀረኝ ሽቦው ነው። ቁልፉን፣ የሞተሩን ኮምፒውተርና ሽቦውን ከአንድ መኪና በአንድ ላይ አውጡ፣ አትነጣጥሉ። እኔ እያንዳንዱን ሶኬት ሳልፈታ በፊት ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ግን ይህ ሽቦ ሁለት ሥራ የሠራ ነው። የፖሊሱ መብራትና ሬዲዮ ቁርጥራጭ አለ፣ በላዩ ላይ የታክሲ ሜትሩ። እየተከታተልኩ አላስፈላጊውን ሳወጣ አንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ ቆምኩ። ከካምቢዮው የፍጥነት ምልክት የሚወስደው መስመር ላይ ተቀጥላ ወደ ሜትሩ ትሄድ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ የእንጀራዬን ሒሳብ የቆጠረችው እሷ ናት። አልቆረጥኳትም። የ1965ቱ ዳሽቦርድ ላይ የማስገባው የፍጥነት ቆጣሪ ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚፈልገውም ያንኑ ምልክት ነው። ቅዳሜ ጋሼ ሲመጡ እሷን እናገናኛለን።