ችግኝ ማሳሳትና ማዛወር ከክበብ ልጆች ጋር

ተማሪዎቼ ችግኝ ሲባል የሚያውቁት ዛፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ላስቲኩን ቀዶ ችግኙን ከነአፈሩ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ለምደዋል። የአትክልት ችግኝ ግን ሌላ ነው። ከመደብ ሲነቀል ሥሩ ራቁቱን ይወጣል፤ ፀሐይ ላይ ትንሽ ከቆየ አለቀለት። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለው ትምህርት ቤታችን ከክበቡ ልጆች ጋር አትክልት ስንጀምር መጀመሪያ ያስረዳኋቸው ይህንን ነው።

አፈራችን መረሬ ነው። ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገን የበሰበሰ ፍግና አሸዋ ቀላቀልንበት። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በመስመር ዘራን። ከልጆች ጋር በብተና መዝራት አልመክርም። በኋላ የቱ አረም፣ የቱ ቡቃያ እንደሆነ መለየት ያስቸግራቸዋል።

ከባዱ ሥራ ማሳሳቱ፣ ማለትም ተጠጋግቶ የበቀለውን እየቀነሱ ማራራቁ ነው። ቀይ ሥር የፈለገ አራርቃችሁ ብትዘሩት ተጠጋግቶ ይበቅላል። አንድ ፍሬ የምንለው በውስጡ ብዙ ዘር ስለያዘ ከአንዱ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ቆስጣም የቅርብ ዘመዱ ነውና እንዲሁ ነው። እውነተኛዎቹ ቅጠሎች፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚወጡት፣ ሁለት ሦስት ሲሆኑ ጠዋት መደቡን አጠጥተን፣ ውሃው እስኪሰርግ ጠብቀን ጀመርን። በአንድ እጅ የሚቀረውን ሥር ሥሩን ተጭኖ መያዝ፣ በሌላው የሚወጣውን መሳብ። የተጣበቁትን አንነቅልም፤ የጎረቤቱ ሥር አብሮ ይናጋል። በወረቀት መቁረጫ መቀስ ከአፈሩ ጋር እኩል እንቆርጠዋለን።

አንዲት ልጅ መቀሱን ይዛ ቆማ ቀረች። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ምንም አላጠፋም!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጤነኛ ቡቃያ መቁረጥ ለልጅ ይከብዳል። በቃል ከማስረዳት ይልቅ ከቀይ ሥሩ መደብ አንዱን ጥግ ሳይነካ እንዲቀር አደረግን። ሌላውን በጣት እየለካን አሳሳነው። ሲደርስ ራሳቸው ነቅለው አዩት። የሳሳው ሥሩ ድቡልቡል ብሏል፤ ያልተነካው ቅጠል ብቻ ሆኖ ሥሩ ከጣት አልወፈረም። ከዚያ ወዲህ መቀሱን የሚሻሙት እነሱ ናቸው።

የትኛው ይቅር የሚለው ላይም ብዙ አወራን። ልጆች ረጅሙን ይመርጣሉ። ረጅምና ቀጭን የሆነው ግን ብርሃን ፍለጋ የተሳበ ነው። አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን አስቀሩ።

የተነቀለው ቆስጣና ቀይ ሥር ክፍተት ላይ ይተከላል፣ የተቆረጠው ደግሞ ይበላል። ካሮት ግን አይዛወርም። ዋና ሥሩ ከተነካ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። እሱን ጣት በጣት ርቀት አሳስቶ አፈሩን መልሶ ማጠጣት ነው።

ጥቅል ጎመኑ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ተራው የማዛወር ሆነ። ከሳምንት በፊት ውሃ ቀነስንለት፤ የሣር ዳሱንም ፀሐይ እንዲለምድ ቀስ በቀስ አነሳን። በዕለቱ ግን አፈሩ ሥሩን ይዞ እንዲወጣ በደንብ አጠጣነው። ክበባችን የሚሰበሰበው ረፋድ ላይ ነበር። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ የተከላውን ሰዓት ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት አስገፋሁት። ከሁሉ በላይ የጠቀመን ይሄ ይመስለኛል፤ ችግኙ ሙሉ ሌሊት አረፈ።

ችግኝ የሚያዘው በቅጠሉ ነው። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ግንዱ ከተሰበረ ተስፋ የለውም። ጉድጓዱ ሥሩ ሳይታጠፍ የሚገባበት ጥልቀት ይኑረው። ዙሪያውን በጣት ጠበቅ አድርጉና ቅጠሉን በቀስታ ሳቡት፤ ችግኙ ካልተነቃነቀ በደንብ ተይዟል። ርቀቱን ለመለካት ለጎመን 50 ሳንቲ ሜትር፣ ለቆስጣ 30 ሳንቲ ሜትር እንጨት ቆርጠን ለልጆቹ ሰጠናቸው። ከሜትር ይሻላል፣ ክርክር የለውም።

ጊዜው ኅዳር ነበርና ጥበቃው፣ የገበሬ ልጅ ናቸው፣ «ልጄ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ ማታ አልብሱት፤ ውርጭ አለ» አሉኝ። ደረቅ ሣር አለበስነው፣ ጠዋት ጠዋት ገለጥነው። ከአፈሩ ጋር ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ ካያችሁ ደግሞ ሥሩ አካባቢ ጫር ጫር አድርጉ። የተጠቀለለ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። ልጆቹ ይህን አደን ወደውታል።

የተረፉትን ችግኞች ወዲያው አልጣልንም። የሞተውን ለመተካት ሳምንት ያህል መደቡ ላይ አቆየናቸው። ከዚያ የቀረውን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለን ለልጆቹ ሰጠን። የምንሰጠው ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነው፤ በዚያው ማታ እንዲተክሉት፣ ቅዳሜና እሁድም ውሃ እያጠጡ እንዲከታተሉት።