የጥልፍ ሶፍትዌር ስናስተምር መርፌዋም ትታይ

እዚህ ሐዋሳ ለልብስ ሰፊዎች በኮምፒውተር የጥልፍ ንድፍ ማውጣትን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ያደከመኝ የትምህርቱ ዝግጅት ሳይሆን፣ እጄ የሚሠራውን ተማሪዎቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትክክል እንዲያዩት ማድረግ ነው። የምንጠቀምባቸው ኢንክስኬፕ የተባለው የስዕል ፕሮግራምና በእሱ ላይ ተጭኖ ስዕሉን ወደ ስፌት የሚቀይረው ኢንክ ስቲች በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ በዚያ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት የሐበሻ ቀሚስ የደረት ጥልፍ እየሳልኩ ሳለ፣ ከኋላ የተቀመጡና ዕድሜያቸውን በእጅ ጥልፍ ያሳለፉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቀስቷ ጠፋችብኝ፤ የቱን ነው የነካኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አጠገባቸው ሄጄ ግድግዳውን ከእሳቸው ቦታ ስመለከተው እውነትም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የመረጥኩት ቢጫ ክር ከነጩ መደብ ጋር ተመሳስሏል፣ የማውሱ ቀስት ደግሞ ከዝንብ አትበልጥም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍል ስገባ አስቀድሜ የምቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው።

ትልቁ ጥፋት የፕሮጀክተሩ አቀማመጥ ነበር። ዝቅ ካለ ጠረጴዛ ላይ አፉን ቀና አድርጌ ሳስቀምጠው ምስሉ ከላይ ስለሚሰፋ፣ «ኪስቶን» በሚባለው ማስተካከያ አራት ማዕዘን እንዲሆን አደርገው ነበር። ይህ ማስተካከያ ግን ሌንሱን አያንቀሳቅስም፤ ምስሉን ጨምቆ እንደገና ይስለዋል፣ በዚህም ምክንያት ስስ መስመሮች ይደበዝዛሉ። ጽሑፍ ብቻ ለሚያሳይ አስተማሪ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ የክር መንገድ በሆነበት ሥራ ግን የትምህርቱን ግማሽ ያጠፋል። አሁን ፕሮጀክተሩን ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ከግድግዳው ፊት ለፊት አስተካክዬ አስቀምጬ ኪስቶኑን ዜሮ ላይ እተወዋለሁ። የላፕቶፔ ስክሪን 1366 በ768 ፒክሰል (የምስል ነጥብ)፣ የፕሮጀክተሩ ደግሞ 1024 በ768 ስለሆነም፣ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ልክ ጋር አስማማዋለሁ፤ የእኔ ስክሪን ቢያስቀይምም የተማሪው ይበልጣል።

የዊንዶውስ ቁልፍንና የP ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ ስንጫን ከሚመጡት ምርጫዎች ሁለቱን ስክሪኖች አንድ ዓይነት የሚያደርገውን እመርጣለሁ። ስክሪኑን የሚያራዝመውን ስሞክር የኢንክ ስቲች መስኮቶች በእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ እየተከፈቱ፣ ተማሪዎቹ ምንም ያልተለወጠ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ይቀሩ ነበር። የቀስቷን መጠን ከዊንዶውስ ቅንብር አሳድጌያለሁ፣ ለማስተማሪያም ጥቁር ሰማያዊ ክር እጠቀማለሁ። በኢንክስኬፕ ደግሞ የመረጥነውን ክፍል ስክሪኑን እስኪሞላ የሚያቀርበው የ3 ቁጥር ቁልፍ፣ ወደ ሙሉው ገጽ የሚመልሰውም 5 ነው። ቁልፎቹን ስጫን ስማቸውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እጄን ማንም አያየውምና።

ዝርዝር ነገር የሚከታተል ሰው ከምስሉ ቁመት ከ4 እጥፍ በላይ ባይርቅ ይመረጣል። የእኛ ምስል ቁመቱ 1.20 ሜትር በመሆኑ የመጨረሻውን ረድፍ ከ5 ሜትር ወዲህ አቅርበነዋል። የከሰዓቱን ፀሐይ በወፍራም መጋረጃ ከልለነዋል። መብራት በድንገት ሲሄድ የፕሮጀክተሩ አምፖል ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ስለሚቀር፣ በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ አነስተኛ ዩፒኤስ አገናኝተናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ጥልፍ የሚያልቀው ጨርቅ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ አናጺ በሠራልን የእንጨት ክንድ ላይ ስልክ አስረን ከማሽኑ መርፌ በላይ አቆምነው፤ በዩኤስቢ ገመድም ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው። በመጀመሪያ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተቱ ነበር፤ የካሜራውን ቅንብር ከኤሌክትሪካችን ጋር አስማምተን 50 ኸርዝ ላይ ስናደርገው ጠፉ።

ባለፈው ሳምንት ሳቲን በሚባለው፣ ክሮቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ቦታውን በሚሸፍኑበት ስፌት፣ በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀት 0.3 ሚሊሜትር አድርጌ ቅጠል አሰፋሁ። በፕሮግራሙ ማሳያ ላይ ያማረ ነበር፤ ግድግዳው ላይ በመርፌዋ ሥር ሲታይ ግን የጨርቁ ዳር ቀስ በቀስ ይሰበሰብ ጀመር። እኔ ሳልናገር እኚያው እናት ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ክሩ በዝቶበታል፣ አሳሳው» አሉ። ቁጥሩን ወደ 0.4 አሳደግነው፤ ሁለተኛው ቅጠል ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ ተኛ።