ዲጂታል ካሜራዬ ጥርን መጋዘን ውስጥ ያሳለፈበት ዓመት

ፊልም ላይ ልቆይ ወይስ ዲጂታል ልግባ? እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ኒኮን ራሱ አብዛኞቹን የፊልም ካሜራዎች ማምረት እንደሚያቆም ሲያስታውቅ ጭቅጭቁ እኔ ጋ አበቃ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ ለሚያነሳ ሰው ነገሩ ቀድሞም ግልጽ ነበር። ጥቅልሉ 36 ፎቶ ነው። ሚዜዎቹ «አንዴ ድገመን» ባሉ ቁጥር ፊልሙ ሲያልቅ ይታየኛል።

ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ፣ ኒኮን ዲ70፣ መረጥኩ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ይዛልኝ መጣች።

«ደረሰኝ ካለህ ምንም አትሆንም» የሚሉ ሰዎች ምክራቸውን ለራሳቸው ይያዙት። የጉምሩክ ፈታሹ ደረሰኙን ገልበጥ አድርጎ አየና ወደ ጎን አደረገው። እሷ ያገለገለ ነው ብትለውም የአዲሱን ዋጋ ገመተ። ከዚያ ሌንሱን አየ። «ይሄማ የጋዜጠኛ ነው» ብሎ ያዘው።

በማግስቱ ራሴ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ጋዜጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም፤ ሰርግ ነው የማነሳው።»

«እንግዲያው ጋዜጠኛ አለመሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ማን ይጽፋል? ንግድ ፈቃዴን አሳየሁ። «ፎቶ ቤት ይላል እንጂ ካሜራ አይልም» አሉኝ። ፎቶ ቤት ያለ ካሜራ በምን ሊሠራ ነው? ሌላ መሥሪያ ቤት ላኩኝ፤ እዚያ ደግሞ ለግለሰብ ደብዳቤ አንጽፍም ተባልኩ። ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን ስሄድ ፊልድ ወጥተዋል። የመጋዘን ኪራዩ ግን ስብሰባም ፊልድም አያውቅም፤ በየቀኑ ይቆጥራል።

ጥምቀት አለፈ፣ ጥርም አለቀ። ካሜራው የተለቀቀው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በጾም ማን ይዳራል?

ቀረጡ አይደለም ያናደደኝ፤ ቀረጥ ይከፈላል። የሚያቃጥለኝ በመጨረሻ ያለ ደብዳቤ መልቀቃቸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ደረሰኙን አየ፣ ፈረመ። በቃ።

ያን ጥር የሠራሁት በአሮጌው የፊልም ካሜራዬ፣ በኒኮን ኤፍኤም2 ነው። ጓደኞቼ «ሽጠህ ቀረጡን ክፈልበት» ሲሉኝ እምቢ ማለቴ እስከ ዛሬ ያኮራኛል። ባትሪው ቢሞት እንኳ ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው የሚጠፋው፤ ማንሳቱን ያነሳል።

የዲጂታሉ የራሱ ጣጣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። የድሮ ሌንሶቼ ይገጥሙታል ተብዬ ነበር። ይገጥማሉ፣ ግን በእነሱ ስታነሱ የዲ70 ብርሃን መለኪያ አይሠራም። ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ሴንሰሩ፣ ማለትም በፊልሙ ቦታ ምስሉን የሚቀበለው፣ ከፊልም ስለሚያንስ 50 ሚሊሜትሩ ሌንስ እይታውን እንደ 75 ያጠባል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ መላውን ቤተሰብ ላንሳ ስል ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። ስለዚህ ብራችሁን ሜጋፒክስል ላይ አትጨርሱ፤ ሰፊ ሌንስ ግዙ።

ቬሎና የሐበሻ ቀሚስ ላይ ደግሞ አውቶማቲኩን አትመኑ፣ መመሪያው የፈለገውን ይበል። የፊልም ኔጋቲቭ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ሲታተም ይስተካከላል። ዲጂታል ላይ ነጭ ሆኖ የጠፋ ጥልፍ ግን አይመለስም። ትንሽ አጨልማችሁ አንሱ፣ በኋላ በኮምፒውተር ታበሩታላችሁ።

ካሜራ ከውጭ የምታስመጡ ክረምት ላይ አስመጡ። አሮጌውንም አንድ ሙሉ የሰርግ ወቅት በአዲሱ ሳትሠሩ ልግዛችሁ የሚል ቢመጣ፣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።